ግሎባል ኢሉሚኔሽንን ለአኒሜሽን ማፍጠን፦ ስህተቱን የት እናስቀምጠው?

እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬው ንግግር ሁለት ጥያቄዎችን ይዟል። የመጀመሪያው፣ በአኒሜሽን ውስጥ ግሎባል ኢሉሚኔሽንን እንዴት እናፍጥነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ስናፈጥነው የሚመጣውን ስህተት የት እናስቀምጠው የሚል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይሄኛው ነው። ረንደርን፣ ማለትም ምስሉን በኮምፒውተር አስልቶ ማውጣትን፣ ከሚያፈጥኑት ዘዴዎች አብዛኞቹ ከትክክለኛው ስሌት ላይ አንድ ነገር ይቀንሳሉ። በቆመ ምስል ላይ ማንም ልብ የማይለው ቅናሽ በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲሮጥ ግድግዳው ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ይወጣል። ዓይን ለዝግተኛ ቅልመት ታጋሽ ነው፤ ለሚርገበገብ ነገር ግን ምንም ትዕግስት የለውም። ስለዚህ አንድን ዘዴ ስንመዝን መጠየቅ ያለብን ስንት ደቂቃ እንደቀነሰ ብቻ አይደለም። ያስከተለው ስህተት ከፍሬም ፍሬም ይረጋል ወይስ ይለዋወጣል? ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሄዳለን።

መሠረቱን በአጭሩ። ቀይ ምንጣፍ ከነጭ ግድግዳ ሥር ሲነጠፍ የግድግዳው ግርጌ ይቀላል። ብርሃኑ ከመብራቱ ወጥቶ ምንጣፉን መታ፣ ከዚያ ነጥሮ ግድግዳው ላይ አረፈ። ግሎባል ኢሉሚኔሽን ማለት ይህን ነጥሮ የሚመጣ ብርሃን ከቀጥተኛው ጋር ማስላት ነው። ጄምስ ካጂያ በ1986 የረንደሪንግን እኩልታ ጻፈ፤ በዚያው ጽሑፍ ፓዝ ትሬሲንግ የምንለውን መፍቻ አቀረበ። ከካሜራው ጨረር ይላካል፣ አንድ ገጽ ላይ ሲያርፍ በዕድል በተመረጠ አቅጣጫ ይነጥራል፣ በየማረፊያው መብራቱ ተከልሎ እንደሆነ የሚፈትሽ የጥላ ጨረር ወደ መብራት ይላካል። ይህ ለእያንዳንዱ ፒክስል ደጋግሞ ይሠራና አማካዩ ይወሰዳል። ዛሬ የምንጠቀምባቸው የፊልም ረንደረሮች በአብዛኛው የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 1920 በ1080 ምስል 2,073,600 ፒክስል አለው። ለእያንዳንዱ ፒክስል 256 ናሙና ብንወስድ ከካሜራው የሚነሱት የብርሃን መንገዶች 530,841,600 ይሆናሉ። እያንዳንዱ መንገድ አራት ማረፊያ ቢኖረውና በየማረፊያው አንድ የሚቀጥል ጨረርና አንድ የጥላ ጨረር ብንቆጥር ለአንድ ፍሬም ከ4.2 ቢሊዮን በላይ ጨረር ያስፈልጋል። አምስት ደቂቃ የሚረዝም አጭር ፊልም 7,200 ፍሬም ነው። አንዱ ፍሬም 20 ደቂቃ ቢወስድ በአንድ ማሽን 2,400 ሰዓት፣ ማለትም 100 ቀን ሙሉ ነው።

መጥፎው ዜና ቀጥሎ ነው። የናሙና ስሌት ስህተት የሚቀንሰው በናሙናው ብዛት ካሬ ሥር ነው። ኖይዙን፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚታየውን ብናኝ መሰል ነጠብጣብ፣ በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ናሙና ይጠይቃል፤ ከ256 ወደ 1,024 መሄድ ማለት ነው። ጊዜው በሙሉ የጨረር ቢሆን 100ው ቀን 400 ይሆናል። ናሙና በመጨመር ብቻ ንጹህ ምስል ለማግኘት መሞከር በወንፊት ውሃ እንደመቅዳት ነው። መላው ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ከሁሉ በፊት ግን መለካት አለ። ማስተካከያዎችን በግምት መነካካት የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። አንድ ተወካይ ፍሬም ምረጡና ሦስት ጊዜ ረንደር አድርጉት። መጀመሪያ እንዳለ፣ ቀጥሎ ንጥረቱን፣ በሶፍትዌሩ ሜኑ ባውንስ የሚባለውን፣ ዜሮ አድርጋችሁ፣ በመጨረሻ ደግሞ በፒክስል አንድ ናሙና ብቻ። ሦስተኛው የሚያሳያችሁ ከጨረር በፊት ያለውን ቋሚ ወጪ ነው፦ ፋይሉን መክፈት፣ የዕቃዎቹን የጎነ ሦስት መረብ ወይም ሜሹን መከፋፈል፣ ገጽ ላይ የሚለጠፉትን ምስሎች ወይም ቴክስቸሮቹን መጫን፣ የፍለጋ ዛፉን መገንባት። ከ20 ደቂቃው አምስቱ ቋሚ ወጪ ከሆነ ናሙናውን በግማሽ ብትቀንሱ የምታገኙት 10 ሳይሆን 12 ደቂቃ ተኩል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቋሚውን ንኩት። በየፍሬሙ ፕሮግራሙን ዘግቶ ከመክፈት አንዱ ማሽን ተከታታይ ከአምስት እስከ አሥር ፍሬም በአንድ ሂደት ይሥራ። በነፃው የአኒሜሽን ሶፍትዌር በብሌንደር ረንደረር፣ በሳይክልስ ውስጥ፣ ፐርሲስተንት ዳታ የሚባለው ምርጫ ያልተለወጠውን ዕቃ በሚሞሪ ውስጥ ለሚቀጥለው ፍሬም ያቆየዋል። ዋጋው ሚሞሪ ነው፤ የግራፊክስ ካርዱ፣ የጂፒዩው፣ ሚሞሪ አፋፍ ላይ ከሆነ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል። ይህ ማስተካከያ ምስሉን በአንድ ፒክስል እንኳ አይለውጥም፤ ስህተት የሌለበት ትርፍ ስለሆነ ሁልጊዜ ቀዳሚ ነው።

ስህተት የሌለበት ሁለተኛው ትርፍ የፍለጋ ዛፉ ነው፤ ቢቪኤች ይሉታል። ዕቃዎች በሳጥን ውስጥ፣ ሳጥኖች በትልልቅ ሳጥኖች ውስጥ ይገባሉ፤ ጨረሩ ያልነካውን ሳጥን ከነይዘቱ ይዘለዋል። ለአንድ ሚሊዮን ጎነ ሦስት የሚበቃው ወደ 20 ደረጃ ያህል ጥልቀት ነው። በአኒሜሽን ግን ዛፉ ይታመማል። ገጸ ባሕርይዋ እጇን ስትዘረጋ አንዳንድ ረንደረሮች ጊዜ ለመቆጠብ ዛፉን እንደ አዲስ አይገነቡትም፤ ሳጥኖቹን ብቻ ይለጥጧቸዋል። የተለጠጡ ሳጥኖች ይደራረባሉ፣ ጨረሩም ባዶ ሳጥን ሲፈትሽ ይውላል። የትዕይንቱ የመጨረሻ ፍሬሞች ያለ ምክንያት እየዘገዩ ከሄዱ ይህን ጠርጥሩ፤ በየተወሰነ ፍሬም ሙሉ ግንባታ አስደርጉ። የማይንቀሳቀሰውን ስፍራ ከሚንቀሳቀሱት አካላት ለይቶ በየራሱ ዛፍ ማስቀመጥም ይረዳል። ደን ስትሠሩ አምስት ዛፎችን አሥር ሺህ ጊዜ በኢንስታንስ፣ ማለትም ያንኑ ሞዴል ሳይቀዱ እያመለከቱ፣ መድገም ሚሞሪን ያድናል፤ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ የሣር ምንጣፎችን በኢንስታንስ መደራረብ ግን ሳጥኖቹን አንዱን በሌላው ላይ ስለሚከምር ያዘገያል። ቅጠልን በጠፍጣፋ ካሬና ግልጽነትን በሚወስን በአልፋ ቴክስቸር መሥራትም ርካሽ ይመስላል እንጂ አይደለም። ጨረሩ ግልጽ የሆነውን ክፍል ባለፈ ቁጥር ቴክስቸር ተነቦ ጉዞው እንደገና ይጀመራል። በቅጠሉ ቅርጽ የተቆረጠ ሜሽ ጎነ ሦስቱ ቢበዛም ብዙ ጊዜ ይፈጥናል።

አሁን ወደ ንጥረቱ ብዛት እንምጣ። ስንት ይበቃል? መልሱ በቀለማችሁ ላይ ይወሰናል። የተዘጋ ክፍል አስቡ፤ ገጾቹ ሁሉ የሚመታቸውን ብርሃን 0.8 ያህል ይመልሳሉ። ቀጥተኛውን ብርሃን 1 ብንለው ማለቂያ የሌለው የንጥረት ድምር 5 ይሆናል። በአራት ንጥረት ብንቆርጠው የምናገኘው 3.36 ነው፤ ከብርሃኑ አንድ ሦስተኛው ጠፋ። ገጾቹ 0.5 ቢሆኑ ጠቅላላው 2፣ የተቆረጠው 1.94 ስለሚሆን የጠፋው 3 በመቶ ብቻ ነው። ነጩን ቀለም 0.9 ያደረገ ሰው ደግሞ ድምሩ 10 ሆኖበት በአራት ንጥረት 4.1 ብቻ ይደርሰዋል። የተለመደ ጥፋት ይህ ነው። ነጭ ግድግዳ ፍጹም ነጭ ተደርጎ ይቀባል፣ ክፍሉ ይጨልማል፣ ንጥረቱ ወደ 12 ይወጣል፣ ጊዜው ይተኮሳል። ግድግዳውን ወደ 0.7 ዝቅ አድርጋችሁ መብራቱን ብታጎሉት በአራቱ ንጥረት ከብርሃኑ 83 በመቶ ይደርሳችኋል። ወደ 0.9 የሚጠጋው አዲስ የወረደ በረዶ ነው፤ የክፍል ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም።

ንጥረትን መቁረጥ የሚያስከትለውን ስህተት ልብ በሉልኝ። ክፍሉ በሁሉም ፍሬም እኩል ይጨልማል እንጂ አይርገበገብም። የቀለም ባለሙያው በአንድ እጅ ያስተካክለዋል። በእኛ መለኪያ ይህ ጥሩ ስህተት ነው፤ ስለዚህ ለደብዛዛ፣ ማለትም ለማያንጸባርቁ፣ ገጾች ሁለት ወይም ሦስት ንጥረት አድርጎ የጎደለውን በመጠነኛ ሙሌት ብርሃን መሙላት ለብዙ ትዕይንት ያገለግላል። ለመስታወትና ለውሃ ግን አትቁረጡ፤ አንድ ብርጭቆ ብቻ ጨረሩን አራት ጊዜ ያስገባዋል ያስወጣዋል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሰማይ ስለሚቆጣጠረው የውጭ ትዕይንት ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ አንድ ወይም ሁለት ንጥረት ይበቃዋል።

ጊዜያችሁን የሚበላው የውስጥ ትዕይንት ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ በመስኮቱ በኩል። በዕድል የተላከ ጨረር ትንሿን መስኮት የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲያገኛት ግን ብዙ ብርሃን ይዞ ይመለሳል። ኖይዝ ማለት ይኸው ነው፦ ጥቂቶች ብዙ ይዘው ሲመጡ፣ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ። መስኮቱ ላይ የብርሃን ፖርታል ማስቀመጥ ረንደረሩ ሰማዩን በቀዳዳው በኩል ብቻ እንዲፈልገው ይነግረዋል። መስኮቱ ላይ እውነተኛ የመስታወት ማቴሪያል ካለ ግን ፖርታሉም አያድናችሁም። የጥላ ጨረር ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ብርሃን የሚሰብር መስታወት ሲያጋጥመው ተከለለ ብሎ ይመለሳል። ብርሃኑ የሚገባው በዕድል መስታወቱን አልፎ ምንጩን በሚመታ ጨረር ብቻ ይሆናል፤ ምንጩ ትንሽ ከሆነ ጨርሶ ላይገባ ይችላል። መፍትሔው መስታወቱን ለጥላ ጨረር ግልጽ ማድረግ ነው፤ ነጸብራቁ የማይታይ ከሆነ ደግሞ መስታወቱን ማንሳት። በብርጭቆ ሽፋን ውስጥ ያለ አምፖልም ያው ችግር አለበት። ይህ አንድ ማስተካከያ ብቻውን በናሙና ሊገኝ የማይችል ልዩነት ሲያመጣ ታያላችሁ።

መብራቶች በመቶ ሲቆጠሩ እያንዳንዱ ማረፊያ የትኛውን እንደሚጠይቅ የሚመርጥ ዘዴ ያስፈልጋል። ላይት ትሪ የሚባለው በቅርበትና በኃይል እየመዘነ ይመርጣል፤ ሳይክልስ ውስጥ በ2023 ከብሌንደር 3.5 ጋር ገብቷል። ከተከፈተ በር ስንጥቅ ብቻ ብርሃን ለሚገባበት ክፍል ደግሞ ፓዝ ጋይዲንግ አለ፤ ከቀደሙት ናሙናዎች ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ተምሮ ጨረሩን ወደዚያ ያዘነብላል። በግልጽ ሜዳ ላይ ግን የመማሪያው ወጪ ከጥቅሙ ይበልጣል። ቪችና ጊባስ በ1997 ያቀረቡት የሜትሮፖሊስ ዘዴ ደግሞ አስቸጋሪ የብርሃን መንገድ አንዴ ካገኘ ዙሪያውን ያስሳል። ለቆመ ምስል ድንቅ ነው፤ ለአኒሜሽን አልመክረውም። ስህተቱ በምስሉ ላይ እኩል አይበተንም፣ በየፍሬሙም ቦታውን ይቀይራል።

ድንገት ደምቀው ስለሚወጡ ነጠላ ፒክስሎች፣ ፋየርፍላይ ስለሚባሉት፣ አንድ ቃል። የተለመደው መድኃኒት ክላምፕ ነው፤ ነጥሮ የመጣው ብርሃን ከተወሰነ ወሰን እንዳያልፍ መቁረጥ። በ10 አካባቢ ጀምሩና ነጠብጣቡ እስኪጠፋ ብቻ ዝቅ አድርጉ። ወደ 1 ካወረዳችሁት ክፍሉ ሕይወት ያጣል፤ የእሳትና የመብራት ድምቀት አብሮ ይቆረጣል። ከክላምፕ በፊት ምንጩን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ገጽን ከመታ በኋላ መስታወት መሰል ገጽ የሚያገኝ ጨረር ነው። ለእነዚያ ጨረሮች ብቻ አንጸባራቂውን ገጽ ትንሽ ሻካራ የሚያደርግ ማስተካከያ በሳይክልስ ፊልተር ግሎሲ ተብሎ ይገኛል። ስህተቱ የሚቀመጠው ማንም በማያየው ሁለተኛ ንጥረት ውስጥ ነው።

አሁን ከሁሉም የሚጣፍጠው ክፍል ላይ ደረስን፤ አስልቶ ማስቀመጥ። ግሬግ ዋርድና ባልደረቦቹ በ1988 አንድ ቀላል እውነት ተጠቀሙ። ነጥሮ የሚመጣ ብርሃን በደብዛዛ ገጽ ላይ ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው። ስለዚህ በየፒክስሉ ማስላት አያስፈልግም። ራቅ ራቅ ባሉ ነጥቦች በጥራት ይሰላል፣ በመካከላቸው ይገመታል። ነጥቦቹ በዙሪያቸው ያሉ ገጾች ሲቀርቡ ይጠጋጋሉ፤ ማዕዘን ላይ ይበዛሉ፣ ሰፊ ግድግዳ ላይ ይሳሳሉ። ይህ የተሰሉ ነጥቦች ክምችት ኢራዲያንስ ካሽ ይባላል። ሄንሪክ ዋን ጄንሰን በ1996 ያቀረበው ፎቶን ማፕ ደግሞ ከመብራቱ በኩል የብርሃን ቅንጣቶችን፣ ፎቶኖችን፣ ረጭቶ ያረፉበትን ይመዘግባል። ሁለቱም ለቆመ ምስል ሰዓታትን ወደ ደቂቃዎች አውርደዋል።

በአኒሜሽን ግን የካሹ ነጥቦች የሚመረጡት ከካሜራው እይታ በመነሳት ነው። ካሜራው ትንሽ ሲንቀሳቀስ የነጥቦቹ ስፍራ ይቀየራል፣ ግምቱም አብሮ ይቀየራል፣ ግድግዳው ላይ ሰፋፊ ጥላ መሰል እድፎች ይንቀጠቀጣሉ። ይህ ስህተት ከኖይዝ የከፋ ነው። ኖይዝ እንደ አሸዋ ደቃቅ ስለሆነ የማጽጃው ሶፍትዌር፣ ዲኖይዘር፣ ይጠርገዋል። እድፉ ግን ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ከእውነተኛ ጥላ አይለይም፤ አንዴ ከገባ የሚያወጣው የለም።

ሁለት ጤናማ አጠቃቀሞች አሉ። የሚንቀሳቀሰው ካሜራ ብቻ ከሆነ በየአሥረኛው ፍሬም ካሹን አስልታችሁ በአንድ ፋይል ላይ አከማቹ፣ ከዚያ ፋይሉን ቆልፋችሁ ሁሉንም ፍሬም ከእሱ አስነብቡ። ነጥቦቹ ስለማይቀየሩ ስህተቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ አይርገበገብም። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ወንበር እንኳ ከተንቀሳቀሰ ግን አሮጌው ጥላ ወለሉ ላይ እንደ እድፍ ይቀራል።

ሁለተኛውና እኔ የማስቀድመው፣ ካሹን በመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ሳይሆን በሁለተኛው ላይ ማድረግ ነው። ካሜራው የሚያየው ገጽ ላይ የመጀመሪያው ንጥረት በሙሉ ጨረር ይሰላል፤ እነዚያ ጨረሮች ሲያርፉ ግን ከካሹ አንብበው ይቆማሉ። አንዱ ፒክስል በመቶ ከሚቆጠሩ የካሽ ቦታዎች ስለሚያነብ የእያንዳንዱ ስህተት በአማካዩ ውስጥ ይሟሟል። የሚቀረው ደቃቅ ኖይዝ ነው፣ እሱም ይጠረጋል። ረጅሙን የንጥረት ሰንሰለት በአንድ ንባብ ስለተካነው ትርፉ በተዘጉ ክፍሎች ውስጥ ትልቅ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ስለ ቀጭን ግድግዳ ነው። ውፍረት በሌለው አንድ ሜሽ የተሠራ ግድግዳ የውጩን ብርሃን ከካሹ ወደ ውስጥ ያፈሳል፤ ማዕዘኑ ላይ የብርሃን መስመር ይታያል። ለግድግዳ ውፍረት ስጡት፣ ከካሹ ነጥቦች መራራቅም የበለጠ ይሁን።

በዚሁ መንፈስ ሌላ ቁጠባ፦ ነጥሮ የሚሄድ ጨረር ያረፈበት ገጽ ሙሉ ማቴሪያል አያስፈልገውም። ባለአራት ቻናል 4096 በ4096 ቴክስቸር፣ በቻናል 8 ቢት፣ 64 ሜጋባይት ይይዛል፤ መቶው ሲሰበሰብ ከ6 ጊጋባይት በላይ ነው። ለካሜራ ጨረር ሙሉውን፣ ለንጥረት ጨረር ግን የቴክስቸሩን አማካይ ቀለም የሚሰጥ ማብሪያ ማጥፊያ ማቴሪያሉ ላይ ብታስገቡ ልዩነቱን ማንም አያየውም። አማካዩን በዓይን አትገምቱ፤ ቴክስቸሩን ወደ አንድ ፒክስል አውርዳችሁ አንብቡት።

የቀረው ዲኖይዘር ነው። ዛሬ በነፃ የሚገኘው ኦፕን ኢሜጅ ዲኖይዝ በደካማ ማሽንም ይሠራል። ከምስሉ ጋር ፓስ የሚባሉትን ረዳት ምስሎች፣ የገጹን ቀለምና ኖርማል የሚባለውን የገጹን አቅጣጫ፣ ካልሰጣችሁት ግን የጨርቁን ሽመና ከኖይዙ ጋር አብሮ ይልሰዋል። ሞሽን ብለር የሚባለው የእንቅስቃሴ ብዥታና የካሜራ ፎከስ ብዥታ ካለ እነዚህ ፓሶች ራሳቸው ኖይዝ ስለሚኖራቸው ቀድመው መጥራት አለባቸው። ነጥሮ የመጣውን የደብዛዛ ገጽ ብርሃን ከቀጥተኛውና ከነጸብራቁ ለይታችሁ አውጡት፣ በገጹ ቀለም አካፍሉት፣ ከዚያ አጽዱት፣ መልሳችሁ አባዙት። ቴክስቸሩ ከውስጡ ስለወጣ የቀረው ለስላሳ ብርሃን ነው፤ ጠንካራ ጽዳት ይችላል።

ሲድ የሚባለውን የዕድል ቁጥር መነሻ በየፍሬሙ ቀይሩት። ካልተቀየረ ኖይዙ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ትዕይንቱ ከቆሸሸ መስታወት ጀርባ ያለ ይመስላል። ሲቀየር ደግሞ ከጽዳት በኋላ የተረፈው እንደሚፈላ ውሃ ይንተከተካል። ለዚህ መፍትሔው በሞሽን ቬክተር፣ ማለትም እያንዳንዱ ነጥብ ከፍሬም ፍሬም ወዴት እንደሄደ በሚያሳይ መረጃ፣ ጎረቤት ፍሬሞችን አሰልፎ በአንድነት ማጽዳት ነው፤ በሁለቱም በኩል አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ይበቃል። የሚከሽፍባቸው ስፍራዎች ይታወቃሉ። ገጸ ባሕርይዋ ስታልፍ ከኋላዋ አዲስ የሚገለጠው ግድግዳ ባለፈው ፍሬም ውስጥ የለም። ቬክተሩ የሚከተለው ገጹን እንጂ ገጹ ላይ የሚታየውን ነጸብራቅ አይደለም። በቆመ ወለል ላይ የሚሄድ ጥላም ቬክተር የለውም፣ ጎትቶ ጭራ ያወጣል። ለእነዚህ ናሙና ከመጨመር የተሻለ መንገድ የለም፤ ናሙናን ኖይዝ ባለበት የሚያበዛው አዳፕቲቭ ሳምፕሊንግ እዚያ እንዲያፈሰው ዝቅተኛውን የናሙና ቁጥር ከፍ አድርጉለት። ዝቅተኛው ሲያንስ ረንደረሩ ገና ብርሃን ያላገኘውን ጨለማ ማዕዘን ንጹህ ነው ብሎ ይተወዋል፤ በሚቀጥለው ፍሬም ሲያገኘው ደግሞ ማዕዘኑ ብልጭ ይላል።

ሙሉውን ፊልም ለማሽኖቹ ከመስጠታችሁ በፊት ሙከራውን በነጠላ ፍሬም አታድርጉ። ከፊልሙ ሦስት ቦታ ምረጡ፦ ጨለማ የውስጥ ክፍል፣ ፈጣን እንቅስቃሴ፣ ካሜራው በሰፊ ባዶ ግድግዳ ላይ ቀስ ብሎ የሚያልፍበት። ከእያንዳንዱ 48 ተከታታይ ፍሬም በመጨረሻው ጥራት አውጡና በእውነተኛ ፍጥነቱ እየደጋገማችሁ ተመልከቱ። ከዚያ የምስሉን ድምቀት ሁለት ስቶፕ፣ ማለትም አራት እጥፍ፣ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና እዩት፤ በጨለማ ውስጥ የተደበቀው መርገብገብ ያኔ ይወጣል። እድፉ ሰፋፊ ሆኖ የሚዋኝ ከሆነ ካሹን መርምሩ። ደቃቅ ሆኖ የሚንተከተክ ከሆነ ናሙናውን ወይም ጽዳቱን። በአንድ ፍሬም ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ መስታወቱንና መብራቱን ሂዱና እዩ።